የቀድሞ ሊቀመንበራችሁን ስትመዝኑ፦ ለኳስ ቤት ተከራካሪዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ከኳሱ ይልቅ ከኳሱ በኋላ ያለው ክርክር ይረዝማል። ጨዋታው አልቋል፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ወንበር መሰብሰብ ጀምሯል፣ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ ይነታረካል። መጀመሪያ አሰልጣኙ ይወቀጣል፣ ቀጥሎ በረኛው፣ ከዚያ አንዱ ይነሳና «ክለቡ የሞተው እኮ እከሌ ሊቀመንበር የሆነ ቀን ነው» ይላል። በቃ። ከዚህ በኋላ የሚሰማማ የለም። ግማሹ «በላን» ይላል፣ ግማሹ «እንደሱ ያለ አይመጣም» ይላል፣ ሁለቱም ወገን አንድ ቁጥር እንኳን በእጁ የለም።

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። የሚወራለት ሰው የባሕር ዳር ከተማ ይሁን የሰፈር ቡድን፣ የቼልሲ ይሁን የባርሴሎና፣ አመዛዘኑ ብዙም አይለያይም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ቀይሩት። «ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» የትም አያደርስም፤ ሁሉም ሰው መልሱን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ምን ተረከበ? ምን አስረከበ? የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ እንኳን ሲለቅ ወንበርና ጠረጴዛ ቆጥሮ ይፈርማል። ሊቀመንበርም እንደዚያው ይቆጠርለት፣ ይቆጠርበትም።

ፊርማው የማን ነበር?

የእንግሊዝ ክለብ ሊቀመንበር ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ወይም የባለቤቱ ሰው። የባርሴሎናውን ፕሬዝዳንት አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይመርጡታል። የእኛ ሊግ ክለቦች ደግሞ አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ናቸው፤ በጀቱ ከዚያ ይመጣል፣ ቦርዱም ከዚያ ይሾማል፣ ሹሙ ሲቀየር ሊቀመንበሩም አብሮ ሊቀየር ይችላል። የዕለት ሥራውን የሚሠራው ሥራ አስኪያጁ ነው። ስለዚህ አንድን ነገር በሰውዬው ስም ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ማን ነው መፈረም የሚችለው በሉ። የአሰልጣኝ ቅጥር ላይ ቦርዱ አለበት። ስታዲየም ላይ ክልሉ አለበት። የቴሌቪዥን ገንዘብ ላይ ሊጉ አለበት። ሊቀመንበሩ በፎቶው መሀል ስለቆመ ብቻ ሁሉም የሱ ሥራ አይደለም፤ ጥፋቱም እንደዚያው።

ዓመቶቹን ደርድሩ

ይህ በጣም አሰልቺው ሥራ ነው፣ ግን ግማሹ ክርክር እዚህ ላይ ያልቃል። አንድ ወረቀት አምጡና ሰውዬው የገባበትንና የወጣበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ በመሀል የሆነውን ሁሉ በየዓመቱ አስቀምጡ።

ለምን እንደሚጠቅም በእንግሊዙ ክለብ በሊድስ ላሳያችሁ። ሊድስ ዩናይትድ ስታዲየሙን ኤላንድ ሮድን የሸጠው በማን ጊዜ ነው ብላችሁ ኳስ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ጠይቁ። አንዱ ፒተር ሪድስዴል ይላችኋል፣ ሌላው ኬን ቤትስ፤ ሁለቱም የክለቡ ሊቀመንበር የነበሩ ናቸው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሪድስዴል የለቀቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2003 ነው። ሜዳው የተሸጠው በ2004 መጨረሻ ነው። ቤትስ የመጣው ጥር 2005 ላይ ነው። የሸጡት በሁለቱ መሀል የነበሩት ሰዎች ናቸው፣ ሜዳው ለክለቡ የተመለሰለት ደግሞ በ2017 ነው። ይህ ማለት ግን ሪድስዴል ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ሜዳውን ያሸጠው ዕዳ በሱ ጊዜ የተቆለለ ነው። ቤትስም በነበረባቸው ዓመታት መልሶ አልገዛውም። አያችሁ? ዓመቶቹን ስትደረድሩ «ማን ፈረመ» እና «ማን ለዚያ አደረሰን» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ይወጣል።

አሁን ወደ ቤታችን። የጣና ሞገዶቹን፣ የክለባችንን የባሕር ዳር ከተማን፣ ዓመታት በራሳችን አቆጣጠር እንደርድር። በ2010 ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣን። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 የሊጉ አክሲዮን ማህበር የቴሌቪዥን መብቱን ለሱፐርስፖርት ሸጠ፣ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ። ያኔውኑ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየዞረ መካሄድ ጀመረ፤ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ጅማ፣ አንዴ እኛው ጋ፣ አንዴ ድሬዳዋ፣ አንዴ ሐዋሳ። በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፣ የኮንፌዴሬሽን ካፕ ገባን፣ የታንዛኒያውን አዛም አሳልፈን በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካ ቆምን።

በዚህ መሀል የተቀመጠ ማንኛውንም ሊቀመንበር አስቡት። የ2012 ውድድር ስለተሰረዘ በደረጃ ልትመዝኑት አትችሉም። በ2013 የቴሌቪዥን ገንዘብ መጣ፤ ያመጣው እሱ አይደለም። በዚያው ዓመት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ በሜዳችን እናገኘው የነበረው የትኬት ገቢ ተበላሸ፤ ያበላሸውም እሱ አይደለም። የሱ ድርሻ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው፦ በመጣው ገንዘብ ምን አደረገ፣ የጠፋውን በምን ተካ። ስፖንሰር ፈለገ? ማሊያ ሸጠ? ወይስ ከተማ አስተዳደሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ? ምዘናው ይህ ነው።

የስታዲየሙ ጉዳይ ደግሞ በተለይ ሰው ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2019 ብሔራዊ ቡድናችን አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፈው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። መጋቢት 2021 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 እዚሁ። ጥቅምት 2021 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትን፣ ተሸነፍን፣ ከዚያ ካፍ መስፈርት አላሟላም ብሎ ዘጋብን። ክለባችን ለአፍሪካ መድረክ ሲደርስ አዛምን ያስተናገደው አዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነው። የሚያናድድ ነገር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ስታዲየሙ የክለቡ ንብረት አይደለም። የክለብ ሊቀመንበር መቀመጫና መልበሻ ክፍል ባለመታደሱ ሊወቀስ የሚችለው ድምፁን አላሰማም፣ አልጎተጎተም ተብሎ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ትንሽ ወቀሳ ነው።

ሌላም አለ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2015 ላይ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክለቡ ለአህጉር ውድድር ሻንጣ የሚያዘጋጀው በዚያው ሰሞን ነበር። የዚያን ክረምት ውሳኔ ዛሬ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ መተቸት ቀላል ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ማንስ ከፈለው?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የሊቀመንበር ምዘና ዋናው ቦታ ይህ ነው፣ ደጋፊ ግን ቶሎ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ጎል የለበትም።

ሪድስዴል ራሱ የሊድስ ደጋፊ ነበር። ሊድስ በሱ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2001 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ሪዮ ፈርዲናንድን በ18 ሚሊዮን ፓውንድ አምጥቷል። ያኔ ድምፅ ቢሰጥ ሐውልት ያሠሩለት ነበር። ገንዘቡ ግን የመጣው ወደፊት ይሸጣል ተብሎ ከታሰበ ትኬት ላይ ከተበደሩት 60 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ክለቡ በየዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግ ከገባ ነው። በ2001 አራተኛ ሆኑ፣ በ2002 አምስተኛ፤ ሁለቱም ጊዜ ሳይገቡ ቀሩ። ከዚያ ፈርዲናንድ ወደ ማንቸስተር፣ ሮቢ ኪን ወደ ቶተንሃም፣ ውድጌት ወደ ኒውካስል። ሰውዬው ሲለቅ ዕዳው ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር። በ2004 ወረዱ። ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሱት በ2020 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ያኔ ያልተወለደ ልጅ የከፈለው ዕዳ ነው።

ስለዚህ አንድን ሊቀመንበር በዋንጫው ዓመት ብቻ አትመዝኑት። ከለቀቀ በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ዓመታትም ጨምሩ፤ እሱ የፈረማቸው ውሎች እስኪያልቁ ድረስ ያለው ጊዜ የሱ ነው። የባርሴሎናው ፕሬዝዳንት የነበረው ባርቶሜው እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት ዋንጫ በአንድ ዓመት አይቷል። በ2017 ኔይማር በ222 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ፣ ገንዘቡ በዴምቤሌና በኩቲንሆ ላይ አለቀ። ጥቅምት 2020 ላይ አባላቱ ከ20 ሺህ በላይ ፊርማ ሰብስበው ድምፅ ሊሰጡበት ሲሉ ለቀቀ። ሜሲ በእንባ የሄደው ግን በ2021፣ በሌላ ፕሬዝዳንት በላፖርታ ጊዜ ነው። ኳስ ቤት ውስጥ «ሜሲን ያስወጣው ላፖርታ ነው» የሚል ሰው ስትሰሙ ወደ ወረቀቱ መልሱት።

በነገራችን ላይ ትንሽ ነገር ትልቁን እንዳይሸፍንባችሁ ተጠንቀቁ። ስለ ሪድስዴል ዛሬም ድረስ የሚወራው ቢሮው ውስጥ የወርቅ አሳ በኪራይ ያስቀምጥ ነበር እየተባለ ነው፣ በወር 20 ፓውንድ ገደማ። አሳ በኪራይ! ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ለአንድ ወር የሚበቃ ሳቅ ነው። ግን ሊድስን ያወረደው አሳው አይደለም። በእኛም ሰፈር ስለ ሊቀመንበሩ መኪናና ስለ ሆቴል ግብዣው ሲወራ ይዋላል፣ የተጫዋቾች ደመወዝ ስንት ወር እንደተቆለለ የሚጠይቅ ይጠፋል። ደመወዝ አልከፈለም ተብሎ ፌዴሬሽን ዘንድ የተከሰሰ ክለብ በሊጋችን ብርቅ አይደለም። የናንተ ሰውዬ ሲለቅ ደመወዝ ተከፍሎ ነበር? ያልተከፈለ የዝውውር ገንዘብ ነበር? በእኛ አቆጣጠር በ2011 ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትልልቅ ስም ያመጣ ሊቀመንበር ካለ፣ በምን አመጣኸው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሲሄድ ምን ቀረ?

ተጫዋች ይሄዳል። አሰልጣኝም ይሄዳል። ሊቀመንበሩ ከሄደ በኋላ የሚቀረው መሬት፣ ውል፣ የተስፋ ቡድን፣ የሴቶች ቡድን፣ መለማመጃ ሜዳ፣ አውቶቡስ፣ በአግባቡ የተቀመጠ ፋይል ነው።

ባሕር ዳር ያለ የቼልሲ ደጋፊ ብዙው ክለቡ አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ሲገዛው የተወለደ ይመስለዋል። ከሱ በፊት ሃያ ዓመት ያህል የመራው ኬን ቤትስ ነው። በ1982 በአንድ ፓውንድ ገዛው፤ ክለቡን እንጂ ሜዳውን አይደለም፣ ሜዳው በሌላ ኩባንያ እጅ ነበር። አልሚዎች ስታምፎርድ ብሪጅን አፍርሰው ቤት ሊሠሩበት ይፈልጉ ነበር፣ ቤትስ ዓመታት ተከራከረ። በ1993 አንድ ነገር ተቋቋመ፦ ደጋፊዎች አክሲዮን ገዝተው የሜዳው መሬት ባለቤት የሚሆኑበት ድርጅት። ክለቡ ከዚያ ሜዳ ከለቀቀ ቼልሲ የሚለውን ስም ይዞ መሄድ አይችልም። ያኔ ብዙም ያስተዋለው አልነበረም። በ2011 ባለጸጋው አብራሞቪች መሬቱን መልሶ ሊገዛ ሲጠይቅ ግን ደጋፊዎቹ ተሰብስበው የሚያስፈልገውን 75 ከመቶ ድምፅ ነፈጉት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የሠራ ውሳኔ ነው። ለእኔ ይህ ከ1997 እና ከ2000ው የኤፍኤ ካፕ ዋንጫዎች ይበልጣል፣ አርሴናሎች ብትስቁም።

ይኸው ሰው ግን በ1985 ደጋፊ ሜዳ እንዳይገባ ብሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አጥር አቁሞ ነበር። ከብት እንደሚከለከልበት ዓይነት። የለንደን ባለሥልጣናት ከለከሉትና ሳይበራ ቀረ። በ2003 ሲሸጥም ክለቡ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ነበረበት። ወደ ሊድስ ሄዶ ደግሞ በ2007 ክለቡ ወደ ሦስተኛ እርከን ወረደ፣ ለኪሳራ አስተዳዳሪ ተሰጠ፣ በቀጣዩ ውድድር በ15 ነጥብ ቅጣት ጀመረ። ቼልሲዎችና ሊድሶች ስለ አንድ ሰው ቢጠየቁ ሁለት ሰው የገለጹ ይመስላል። አትገረሙ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ርክክብ ነው የሚያወሩት። አንድ ጠቅላላ ውጤት ለመስጠት አትታገሉ። መሬት ላይ ይህን ያህል፣ ገንዘብ ላይ ይህን ያህል፣ ደጋፊ አያያዝ ላይ ይህን ያህል ብላችሁ ለያይታችሁ ተዉት።

ማንን መጠየቅ፣ እንዴት መቀመጥ

ታዋቂ ተጫዋቾችን ብቻ አትጠይቁ። የተከፈለው ያመሰግናል፣ የተባረረው ይራገማል። ወጌሻውን ጠይቁ። ትጥቅ ያዡን፣ የአውቶቡሱን ሹፌር፣ በር ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረውን ሰው ጠይቁ። ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ሊቀመንበሩ ካሜራ በሌለበት ሰው እንዴት እንደሚያናግርም ያዩት እነሱ ናቸው። የደጋፊ ማህበሩን የቆዩ ሰዎችም አትርሱ፤ ከሜዳ ውጭ ጉዞ ላይ አውቶቡስ ማን እንዳቀረበ፣ ደጋፊ ሲታሰር ማን ስልክ እንዳነሳ ያስታውሳሉ።

«የኛ ሰፈር ልጅ ነው» እና «የነሱ ሰው ነው» የሚሉትን ሁለት አረፍተ ነገሮች ከጠረጴዛው አንሱልኝ። ስለ ክለቡ ምንም አይነግሩንም።

ስትሰበሰቡ ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ሰው በየወረቀቱ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ሰውዬው የሠራው ትልቁ ነገርና ያጠፋው ትልቁ ነገር። ካልሆነ መጀመሪያ የጮኸው ሰው ሐሳብ የሁሉም ሐሳብ ይሆናል፣ በተለይ ሁለተኛው ድራፍት ከመጣ በኋላ። እንዲያውም ከድራፍቱ በፊት ጨርሱት። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ አሳ እየበላችሁ ብትቀመጡ ይሻላል፤ አጥንት የሚለቅም ሰው ብዙ አይጮህም። ቀጥሎ የሚጠላው ሰው ጥሩውን እንዲያነብ አድርጉ፣ የሚወደው መጥፎውን። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እውነተኛው ወሬ ይጀምራል።

«በላ» የሚለው ቃል ላይ ተጠንቀቁ። ሒሳቡ ጎድሏል ማለትና ሰውዬው ሰርቋል ማለት አንድ አይደለም። ኦዲት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ካላችሁ እሱን ጥቀሱ። ከሌላችሁ «ይህ ገንዘብ የት እንደገባ አልተነገረንም» በሉ፤ እውነትም ነው፣ ይበቃልም። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል፣ «ሁሉም ሰው ያወራው ነበር» ደግሞ መከላከያ አይሆናችሁም።

ሰውዬው ካረፈ ነገሩ ይከብዳል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እየተባለ አንድ ዘመን ሙሉ ሳይነካ ይታለፋል። ስለ ባሕርዩ ተዉት እንግዲህ፤ ስለ ውሳኔው አውሩ። ውሉ አልሞተም፣ ዕዳውም አልሞተም።

በሕይወት ካለና እዚሁ ከተማ ከሆነ ግን፣ ከጀርባው ምን አስቀመጣችሁ? ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፣ እሁድ ቤተክርስቲያን በር ላይ ታገኙታላችሁ። ጥሩት። በ«አንተ» አትጀምሩ፣ ጋሼ በሉት፣ አንቱታውን አትንሱት፤ ሲከበር ብዙ ይናገራል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሲረከቡ ካዝናው ላይ ምን ነበር? ዛሬ ቢሆን የማይፈርሙት የትኛውን ወረቀት ነው? ሊሠሩት ፈልገው ማን ከለከለዎት? ሦስተኛው ላይ ብዙ ስም ይጠራል፣ ሁሉንም አትመኑ፣ ግን ጻፉት። አልመጣም ካለ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ላኩለት፣ አንድ ሳምንት ስጡት፣ ከዚያ ያለ እሱ ቀጥሉ።